አይብ በመያዣ የሚቀበል ባንክ

ሽታው ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ሰሜን ጣሊያን፣ ከሬጆ ኤሚሊያ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የፓርሚጃኖ አይብ መጋዘን ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ በሚደርስ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ወርቅማ ቅርፊት ያላቸው፣ አንዳንዳቸው 40 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ክብ አይቦች ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ እስከ መተላለፊያው ጫፍ ልቁጠራቸው ቢሉ ዓይን ይታክታል። አይብ እኮ ነው! እኔ ወላይታ ሶዶ የማውቀው አይብ ነጭ፣ እርጥብ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚሸጥ፣ ጥቂት ቀን ካደረ የሚሆመጥጥ ነው። ይኼኛው ዓመታት ይቀመጣል። አፌን ይዤ ቀረሁ።

ሽታው ግን እንግዳ አልሆነብኝም። «ቅቤ ቅቤ አይልሽም?» አልኳት አብራኝ ለመጣችው የአክስቴ ልጅ። እሷ ቦሎኛ ስትኖር ከርማለችና ሳቀችብኝ፤ «ናፍቆት ሲብስብኝ የምገዛው ለምን መሰለህ?» አለች። እውነቷን ነው። ለጋው ሳይሆን በሳሉ ቅቤ፣ የዳሞታ ተራራ ግርጌ ሴቶች ተሸክመው ሶዶ ገበያ የሚያወርዱት፣ ልብስ ላይ ከነካ ሳምንት የማይለቀው ቅቤ ነው የሸተተኝ። የወተት ስብ ሲቆይ ይፈራርስና ቡቲሪክ አሲድ የሚባል ነገር ይወጣዋል፤ በበሳል ቅቤም ሆነ በቆየ ፓርሚጃኖ አፍንጫ ከሚይዙት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

አሠራሩን ለማየት በጠዋት ሄድን። የማታው ወተት በገበታ መሰል ሰፊ ዕቃ ሲያድር ክሬሙ ይንሳፈፋል፤ እሱን ገፈው የቀረውን ወተት ከጠዋቱ ጋር በትልቅ የመዳብ ጋን ይቀላቅሉታል። ከትናንቱ አጓት ቆጥበው ያቆዩትን እርሾ ያደርጉበታል። እናቶቻችን ከተናጠው ጥቂት ገንቦው ውስጥ የሚያስቀሩት ለዚሁ ሲሉ አይደል? ከዚያ የጥጃ ጨጓራ እርሾ ይጨመራል፤ ወተቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። የረጋውን እንደ ሩዝ ፍሬ እስኪደቅ ሰባብረው እስከ 55 ዲግሪ ያሞቁታል። አንዱን ክብ ለማውጣት ወደ 550 ሊትር ወተት ይገባል። ጨው ውኃ ውስጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ይነከርና ቢያንስ 12 ወር መደርደሪያ ላይ ይከርማል።

እኛ ቤት የተያዘው መንገድ ሌላ ነው። ወተቱ በወይራ በታጠነ ገንቦ ይጠራቀምና ራሱ ይረጋል፤ ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል። አሬራው በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። የጥጃ ጨጓራ የለም፤ የሚያረጋው ኮምጣጣነቱና ሙቀቱ ነው። ውኃ ስለበዛበት አይከርምም። ጎጃም ውስጥ አጥልለው በቅመም እያሹ የሚያስቦኩት አይብ መኖሩን ሰምቻለሁ። እኛ ዘንድ ግን ትዕግሥቱ ሁሉ ያለቀው በቅቤው ላይ ይመስለኛል። ይህን ስል አይባችንን ማቃለሌ አይደለም፤ የወይራው ጭስ ያለበትን አይብ በዳጣ ያልበላ ሰው ስለ ጣዕም ባይከራከረኝ እወዳለሁ።

የ24 ወሩን ቀመስኩ። ኪሎው ያኔ 20 ዩሮ ገደማ ነበር፤ ወደ ብር ስመነዝረው ቅምሻዬን በጥርሴ ያዝኩ። ከጥርሴ ሥር ቅጭ ቅጭ ይላል፤ ጨው መስሎኝ ነበር፣ ለካ ፕሮቲኑ በጊዜ ብዛት ሲፈራርስ የሚወጣው ታይሮሲን የሚባል ነገር ተጠራቅሞ ነው። መጀመሪያ ጨው ጨው፣ ቀጥሎ የሥጋ መረቅ የመሰለ፣ መጨረሻ ላይ የፍራፍሬ ጠረን። እዚያው ሱቅ ውስጥ አረንጓዴ ሻጋታ የወረሰው ጎርጎንዞላም አለ፤ በገንዘባቸው ሻጋታ ይገዛሉ! ቀምሼ ወደድኩት።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ባንኩ ነው። ክሬዲቶ ኤሚሊያኖ የሚባል ባንክ ከ1953 ጀምሮ አይብ በመያዣ ተቀብሎ ለአይብ ሠሪዎች ያበድራል፤ አይቡ በባንኩ መጋዘን ይበስላል፣ ዋጋውም ከዕድሜው ጋር ይጨምራል። ባንክ! አይብ ይዞ! ቅናት ያዘኝ፤ አልደብቅም። መስከረም ላይ ለሚውለው ጊፋታ የወላይታ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ የቅቤ እቁብ ይጥላሉ። እነሱም ስብን ወደ ቁጠባ የቀየሩ ናቸው፤ በዚያ ቅቤ ብድር የሚሰጣቸው ግን አላየሁም።

ፓርሚጃኖው 12 ወር ሲሞላው መርማሪ ይመጣል። ትንሽ መዶሻ ይዞ አይቡን እያዞረ ቶክ ቶክ ያደርጋል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ ውስጡ ከተሰነጠቀ ወይም ጉድጓድ ካለው ድምፁ ይለወጣል። የሶዶ ቅቤ ገዢ ሴቶችም እኮ በጥፍራቸው ጫር አድርገው እጃቸው ጀርባ ላይ ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ሙዝ ወይም የአትክልት ቅባት የተቀላቀለበትን ወዲያው ይለዩታል። አንድ ባንክ ሶዶ ላይ በቅቤ ላበድር ካለ፣ ከመጋዘኑ በፊት እነዚያን ሴቶች ይቅጠር።