በታንጃቩር ቤተ መቅደስ መሠረት ላይ ስላለው ጽሕፈትና ስለ ጥንታዊው ፎቶግራፍ

በደቡብ ህንድ አገር፥ በታንጃቩር ከተማ፥ የቾላው ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ ያሠሩት ትልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ። ሥራው የተፈጸመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1010 ዓመት ሲሆን፥ ግንቡ ከ60 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ስዕሉን ያየ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያደንቀው ይህንኑ ቁመት ነው። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንነግር የወደድነው ስለ ግንቡ መሠረት ነው።

በ1858 ዓመት ሊኒየስ ትራይፕ የሚባል እንግሊዛዊ ካፒቴን፥ የማድራስ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሳለ፥ በመሠረቱ ዙሪያ በታሚል ቋንቋ የተቀረጸውን ጽሕፈት ለማንሣት አሰበ። ጽሕፈቱ እጅግ ረጅም ነውና በአንድ ስዕል የሚገባ አልሆነም። ስለዚህ ካሜራውን ከቦታ ወደ ቦታ እያራመደ፥ ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ እያነሣ፥ 21 ስዕል አወጣና ጎን ለጎን ገጣጠመው፤ ርዝመቱም ወደ 6 ሜትር ተጠጋ። ያማረ መልክ ለሚፈልግ ሰው ይህ ድንጋይና ጥላ ብቻ ነው። እኛ ግን መዝገብ መጻፍ እንጀራችን ስለ ሆነ፥ ዓይናችንን ከእርሱ ለማንሣት አልቻልንም።

በድንጋዩ የተጻፈው የቤተ መቅደሱ ሀብት ነውና። ንጉሡ እርሳቸው የሰጡት፥ ታላቅ እኅታቸው ኩንዳቫይ የሰጡት፥ ሚስቶቻቸውና ሌሎችም የሰጡት ሁሉ አብሮ እንዲቀረጽ አዘዙ። የወርቁ ዕቃ በሚዛን፥ ዕንቁው በቁጥር ተጽፏል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን፥ ከሌሎች መቅደሶች የመጡ 400 የሚያሸበሽቡ ሴቶች እያንዳንዳቸው በስማቸው፥ ከመጡበት ስፍራና ከተሰጣቸው ቤት ጋራ መመዝገባቸው ነው። የዓመት ሩዝም ተቆርጦላቸዋል። የጸጉር ቆራጩ፥ የሸክላ ሠሪው፥ የልብስ ሰፊው ድርሻ ተጽፏል፤ የሒሳብ ጸሐፊውም አልቀረም፥ በዚህስ እጅግ ደስ ብሎናል።

በ1859 ዓመት አዲሱ የማድራስ ገዥ ሰር ቻርልስ ትሬቬልያን ወጪው ከገንዘቡ አቅም በላይ ነው ብለው የትራይፕ ሥራ እንዲቆም አዘዙ። የመንግሥትን ገንዘብ መጠበቅ ተገቢ ነውና ገዥውን አንነቅፍም፤ ነገር ግን የሴቶቹን ስም ሳይንቅ፥ ፊደሉን ተከትሎ በድንጋዩ ሥር የተጓዘውን ሰው ስናስብ ልባችን ወደ እርሱ ያደላል። ኦይገን ሁልች የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ ጽሕፈቱን በመጽሐፍ ማሳተም የጀመረው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1891 ዓመት ነው። ትራይፕም ከዚያ ወዲያ ብዙ ፎቶግራፍ ሳያነሣ ኖሮ በ1902 ዓመት ሞተ።