ከውሻው በፊት አምስት ዶሮ

ልጃችሁ «ውሻ ካልገዛችሁልኝ» ብሎ አላስቀምጥ ብሏችኋል? የእኔ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው እኔና አባቱ እሺም እምቢም ሳንል ሦስተኛ መልስ ሰጠነው፦ «መጀመሪያ ዶሮ።» ሁለት ቀን አኮረፈን። አሁን አቦከር ባለው ግቢያችን ዶሮ ከገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ውሻው ገና አልመጣም። እናንተም እንዲህ ያለ ጥያቄ ተደቅኖባችሁ ከሆነ፣ ዶሮው መቅደሙ ምን እንደጠቀመን ላጫውታችሁ።

ከውሻው ልጀምር። ቡችላ ሲያዩት የልደት ስጦታ ይመስላል፤ ነገር ግን አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ አብሮ የሚኖር የቤት አባል ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው ገና በር ላይ ይጠብቀዋል። ያኔ የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚያስከትበው ማነው? እናቶች መልሱን ታውቁታላችሁ። በየሰፈሩ ቆሻሻ ገንዳ ሥር ከሚያድሩት ውሾች መካከልም አንድ ሰሞን የአንድ ልጅ ደስታ የነበሩ አሉ።

ሐረር ላይ ደግሞ ሌላም ነገር ይታሰባል። እዚህ ጅብ እንግዳ አይደለም። ሲመሽ በጁገል ግንብ ሥር «ወራባ ኑዱል» በሚባሉት ቀዳዳዎች ሾልኮ ገብቶ፣ በየጠባቡ መንገድ የተጣለ አጥንት ሲለቅም ያመሻል። ሰውና ጅብ ተላምደዋል፤ ውሻና ጅብ ግን አልተላመዱም። ሌሊት ውጭ የቀረ ቡችላ የጅብ እራት ሊሆን ይችላል፤ ትልቁ ውሻ ደግሞ ሲጮህ አድሮ ሰፈሩን እንቅልፍ ይነሳል።

ጎረቤትም አለ። አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። በሻፊዒይ መዝሀብ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት። ለጥበቃ ውሻ ማኖር አይከለከልም። ይሁንና ውዱእ አድርገው ለሶላት የሚወጡ እናት በሚያልፉበት የጋራ በር ላይ ቡችላ መልቀቅ የእኔ ቤት ብቻ ውሳኔ ሊሆን አይችልም። ዶሮን ግን ማንም ቤት ያውቃታል።

ስለዚህ በአምስት ቄቦች ጀመርን። አምስት ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ቤት፣ አንድ መጣያ ሣጥንና የሚሰፍሩበት አንድ አግዳሚ እንጨት ይበቃቸዋል። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ይነጠፋል፤ ሲረጥብ ይቀየራል። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ ለአምስቱ በወር 18 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በሰፈራችሁ የመኖ ዋጋ አባዙት። ፉርሽካና የማዕድ ትርፍራፊ ማገዣ ይሆናል እንጂ መኖን አይተካም።

የትኛው ዝርያ ይሻላል ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ በምትኩ ጥሬዋን ራሷ ፈልጋ ትለቅማለች፣ ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ቦቫንስ ብራውን የተመጣጠነ መኖ ካገኘች ወደ 300 ትጠጋለች፤ ካላገኘች ግን ያን ቁጥር አትጠብቁ። ሳሶ በመካከል ናት፤ ለእንቁላልም ለሥጋም ትሆናለች። ለእኛ አካባቢ የውጭ ዝርያ አዲስ ነገር አይደለም። ጎረቤታችን ሐረማያ ገና የእርሻ ኮሌጅ ሳለ፣ ነጭ ሌግሆርንን የመሳሰሉ ዝርያዎች በመጀመሪያ ከገቡባቸው የአገራችን ተቋማት አንዱ ነበር። እኛ ሳሶን መረጥን፤ አምስቱንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ አሳዳጊ ገዛን። ከተለያየ ገበያ የተለቃቀመ ዶሮ የተለያየ በሽታ ይዞ ይመጣልና።

የልጁ ፈተና የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቄቦቹ ሲመጡ የሁለት ወር ተኩል ነበሩ፤ እንቁላል የሚጠበቀው ደግሞ በአምስት ወር ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ውሃ መቀየር፣ መኖ መስጠት፣ ቅዳሜ ኩስ መጥረግ ነበር ሥራው፤ ክፍያ የለውም። ማታ የመግሪብ አዛን ሲሰማ የዶሮ ቤቱ በር ይዘጋል። ይህ በእኛ ቤት ድርድር የሌለበት ሕግ ነው። ሽለምጥማጥ በጠባብ ክፍተት ሾልኮ ይገባል፤ ጅብ ደግሞ የላላ በር ገንጥሎ ይገባል። የመጀመሪያዋ እንቁላል የተገኘች ዕለት ልጄ በሁለት እጁ ይዟት ሦስት ጎረቤት ዞረ፤ ጠብሰን የበላናት በማግስቱ ነው።

ከሁሉም የከበደን ሞት ነበር። ዶሮ አርቢ ሁሉ የሚፈራው ፈንግልን ነው፤ ኒውካስል የሚባለው በሽታ ማለት ነው። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ አንድም ሳያስቀር ሊጨርስ ይችላል። ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ አይቀመጥም። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ቀን ቀጥሮ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርቶ በአንድ ጊዜ ማስከተብ ይሻላል። እኛ እንዲያ አደረግን። ክትባቱ ግን ለፈንግል እንጂ ለሁሉም በሽታ አይደለም። በስምንተኛው ወር ገብስማዋ ክንፏን ጥላ ቆመች፤ ባለሙያ አየልን፣ መድኃኒት ሰጠናት፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ልጄ ከአባቱ ጋር ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራት። ያን ማታ እራት አልበላም። በነጋታው ግን ከእንቅልፌ ስነሳ የቀሩት አራቱ ውሃ ተቀይሮላቸው አገኘሁ። ማንም አላዘዘውም።

ሌላው ጥያቄ የመጣው በፋሲካ ዋዜማ ነው። «ከእኛ ዶሮዎች አንዷ ትታረዳለች?» አለኝ። ይህን ከበዓሉ በፊት ተነጋገሩበት። የእኛ ስምምነት እንዲህ ነው፦ እንቁላል እስከጣለች ድረስ አትነካም፤ መጣሏን ስታቆም ለወጥ ትሆናለች፤ ቀኑን አስቀድመን እንነግረዋለን። ልጁ አልወደደውም፤ ግን ገባው። ዶሮ ከጓደኝነትም በላይ ማዕድ ናት። ውሻ ደግሞ ማዕድ አይሆንም፤ ሲያረጅም ሲታመምም የሚያቆየው የቤቱ ሰው ፈቃድ ብቻ ነው። ልጄ ይህን ልዩነት የተረዳው ዶሮዎቹን በማርባት ነው።

አሁን ስለ ውሻው የምንነጋገረው በሌላ ቋንቋ ነው። ልጄ ቡችላው ሌሊት የት እንደሚያድር ራሱ ያስባል፤ ጅብ የማይደፍረው፣ በር ያለው ቤት ይፈልጋል። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደሚወስድ ያውቃል። ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበትም ያውቃል። ጎረቤቶቻችንን እኛው ሄደን እንጠይቃለን። ዶሮዎቹ መቅደማቸውም ለቡችላው ይጠቅመዋል። ቡችላ ዶሮ የሚገድለው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ስትሮጥ ጨዋታ ስለሚመስለው ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ታስሮ፣ በሽቦ ማዶ እያያቸውና እየለመዳቸው ካደገ እነሱን የግቢው ነባር አድርጎ ይቀበላል።

እናንተስ? አምስት ቄብ ገዝታችሁ ስድስት ወር ጠብቁ። ልጃችሁ ሳይነገረው ውሃውን የሚቀይር ከሆነ፣ ስለ ቡችላው ቁጭ ብላችሁ መነጋገር ትችላላችሁ። የምትቀይሩት እናንተ ከሆናችሁም መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። ከመንገድ የሚጣል ውሻ የለም፤ ያላችሁ አምስት ዶሮ ብቻ ነው፤ እሱም ወጥ ይሆናል።