ቢልድ ሰክሰስፉል

ፕሮግራመር ያልሆነ ሰው ሥራችንን ሲያስበው የሚታየው ኮድ መጻፍ ብቻ ነው። ጥቁር ስክሪን፣ አረንጓዴ ፊደል፣ ኪቦርድ ላይ የሚሮጥ ጣት። ከቀናችን ብዙውን የሚበላው ግን የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ነገር መለወጥ ነው። በጃቫ የጻፋችሁት ፋይል እንዲሁ ብድግ ብሎ አይሠራም። መጀመሪያ ኮምፓይል ተደርጎ «ክላስ» የሚባል ፋይል ይሆናል፤ ክላሶቹ ሌሎች ሰዎች ከጻፏቸው ላይብረሪዎች ጋር ይገጣጠማሉ፤ ሁሉም ባንድ ይጠቀለልና ሰርቨር ላይ ይጫናል። ይህን በየቀኑ በእጅ መሥራት ስለሚያሰለች ቅደም ተከተሉን አንዴ ጽፈን ለማሽን እንሰጠዋለን። ቢልድ ስክሪፕት የምንለው እሱን ነው። ድግስ ቤት ጓዳ ቆማ የምታዝዘውን ሴትዮ አስቧት። ሽንኩርቱ ሳይከተፍ ድስት አይጣድም፣ ወጡ ሳይደርስ እንጀራ አይወጣም። ማን ከማን በኋላ እንደሚመጣ የምታውቀው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ሰዉም ዕቃውም ሞልቶ እንግዳው ጦሙን ይውላል።

ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ስማር ስለዚህች ሴትዮ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተማረን የለም። ሥራ ስገባ ግን የመጀመሪያ ሳምንቴን የበላችው እሷ ናት።

ነገሩ ዕድሜ አለው። ስቱዋርት ፌልድማን የተባለ ሰው ቤል ላብስ ውስጥ እያለ እ.ኤ.አ. በ1976 «ሜክ» የሚባለውን ፕሮግራም ሠራ፤ እስካሁን ድረስ በሥራ ላይ ነው። ሜክ አንድ የታወቀ አመል አለው፤ ትእዛዝ ያለበት መስመር በታብ መጀመር አለበት። በስፔስ ከጀመራችሁት እምቢ ይላል፣ ታብና ስፔስ ደግሞ በዓይን አይለዩም። ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ቶምካትን ይሠራ የነበረው ጄምስ ደንከን ዴቪድሰን በሜክ ተማርሮ ለጃቫ የሚሆን የራሱን መሣሪያ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ለብቻው ወጣ። ስሙ አንት ነው፣ ጉንዳን። ከዚያ ሜቨን መጣ፣ ከዚያ ግሬድል። ዛሬ አዲስ ፕሮጀክት በአንት የሚጀምር ሰው ብዙም አታገኙም። አሮጌ ፕሮጀክት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል፤ የማይሞት ሶፍትዌር ማለት ደመወዝ የሚከፍል ሶፍትዌር ነው።

ስክሪፕት ሲበላሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚጮኸው ነው። እኔ የሚጮኸውን እወደዋለሁ፤ ምንም ቢሆን አብሮህ አይዋሽም። ለምሳሌ አንድ ጃቫ ከእሱ በኋላ በመጣ ጃቫ የተሠራ ክላስ ሲሰጡት «ይህን ቨርዥን አላውቀውም» ብሎ 61 ወይም 55 የሚል ቁጥር ይወረውራል። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ቁጥር ላይ ይደነግጣል። ከቁጥሩ 44 ቀንሱ፣ የጃቫው ቨርዥን ይወጣላችኋል፤ 61 ጃቫ 17 ነው፣ 55 ጃቫ 11፣ 52 ጃቫ 8። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ «ጃቫ ሆም» የሚባለው ቅንብር አንዱን ጃቫ እያሳየ ተርሚናሉ ሌላውን ስለሚጠራ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2020 ደግሞ የሜቨን ዋናው ማከማቻ ያልተመሰጠረ ግንኙነት አልቀበልም አለና፣ አድራሻውን በድሮው መንገድ የጻፉ ስክሪፕቶች ባንድ ጊዜ 501 የሚል ኤረር ይዘው ቆሙ። ይህም ጩኸት ነው። ታነባለህ፣ አድራሻው ላይ አንድ ፊደል ትጨምራለህ፣ ያልፋል።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ ላይብረሪ በግማሽ ወርዶ ይቀርና «ዚፑ አልከፈት አለ» የሚለው ኤረር የእኛ አገር ልዩ በረከት ነው። ፋይሉን ሰርዞ እንደገና ማውረድ ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። የላይብረሪ ነገር የሠርግ ጥሪ ነው፤ አንዱን ስትጠራው ያልተጠራ ዘመድ አዝማዱን ይዞ ይመጣል፣ ከመጡት ሁለቱ ደግሞ አንድ ስም ይዘው በቨርዥን ይለያያሉ። ሜቨን ለፕሮጀክቱ በዝምድና የሚቀርበውን ያስገባል፣ ግሬድል እንደ ልማዱ አዲሱን ያስገባል። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ከአንዱ ወደ ሌላው ቤት የቀየሩ ሰዎች አሉ፤ የገጠማቸውን እነሱው ይንገሯችሁ።

ሁለተኛው ዓይነት የማይጮኸው ነው። አረንጓዴ ለብሶ «ቢልድ ሰክሰስፉል» ይላል።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሚሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ እንዳደረገው ታስታውሳላችሁ። የምሠራበት ድርጅት የራሱ የደመወዝ ሲስተም አለው፤ በጃቫ የተጻፈ፣ በአንት የሚገነባ፣ እኔ ሃይስኩል እያለሁ የተጀመረ። የግብር ወሰኖቹ፣ የጡረታው፣ የትርፍ ሰዓቱ ስሌት ቁጥሮች በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጠዋል። ጥሩ አሠራር ነው፣ ሕግ ሲለወጥ አንድ ቦታ ገብተህ ትለውጣለህ። ባልደረባዬ ገብታ ለወጠች። ሁለታችንም ከአዋጁ ጋር መስመር በመስመር አመሳከርነው፣ ልክ ነው። ቢልዱ ሰርቨር ላይ ተነሳ፣ አለቀ፣ አረንጓዴ። ፋይናንስ የወሩን ፔሮል ለሙከራ አተመ።

ቢሯችንን የሚያጸዱልን እትዬ ወረቀቱን ይዘው መጡ። ደመወዛቸው 1,900 ብር ነው።

«ልጄ፣ በሬዲዮ ግብሩ ተነሳ ሲሉ ሰምቼ ነበር። ለእኔ አይደለም እንዴ?»

ወረቀቱ ላይ ግብር 142 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል። በድሮው ስሌት ነው፤ ከ600 በላይ ላለው 1,050 ብር አሥር በመቶ፣ ለቀሪው 250 አሥራ አምስት በመቶ። በአዲሱ ዜሮ መሆን ነበረበት። ጡረታው 133 ብር ያው ይቀጥላል፣ ግብሩ ግን የለም። ሂሳብ ክፍል ጠይቀው ያገኙት መልስ «ሲስተሙ ነው ያሰላው» የሚል ነው። እዚህ አገር «ሲስተም» ክርክር የሚዘጋ ቃል ነው። ባንክ ሄዳችሁ «ሲስተም የለም» ስትባሉ ዞር ብላችሁ እንደምትወጡት፣ «ሲስተሙ ያለው ነው» ስትባሉም ትፈርማላችሁ። እትዬ አልፈረሙም። ቀጥ ብለው ሲስተሙ ጋ መጡ።

ኮዱን ከፈትኩ፣ 2,000 ይላል። ዳታቤዙን አየሁ፣ የግብር ቁጥር የሚባል ነገር እዚያ የለም። እንግዲያው ላፕቶፔ ላይ ኮዱን ከባዶ አውርጄ ልገንባው ብዬ አንትን አስነሳሁ። እሱ ደግሞ ጭራሽ አልሠራ አለ፤ የደመወዝ ወረቀት የሚያትመውን ክላስ «ላገኘው አልቻልኩም» ብሎ በቀይ ቆመ። እንግዲህ ሁኔታውን ተመልከቱት። የተሳሳተ ውጤት የሚሰጠው ሰርቨር ቢልዱን ያሳልፋል፣ ያልተነካካው ላፕቶፕ እምቢ ይላል። የተለመደው ቀልዳችን «እኔ ጋ ይሠራል» ነው፤ ይህ ግን እኔ ጋ አይሠራም፣ እዚያ ይሠራል፣ ሲሠራ ደግሞ ይዋሻል።

ወደ ሰርቨሩ ተመልሼ የቢልዱን ዝርዝር ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ይህን ማንም አያደርገውም፣ ሁላችንም የምናየው የመጨረሻዋን መስመር ነው። መሀል ላይ አንዲት መስመር አለች፦ «ኮምፓይሊንግ 1 ሶርስ ፋይል»።

አንድ? ፕሮጀክቱ 312 ፋይል ነው።

አንት በልማዱ ሰዓት ነው የሚያየው። የሶርስ ፋይሉ ከክላሱ በኋላ ከተነካ ኮምፓይል ያደርገዋል፣ ካልተነካ ይዘለዋል። ጊዜ ለመቆጠብ ነው፣ አይከፋም። ጃቫ ደግሞ የራሱ ልማድ አለው። አንድ ቁጥር «ቋሚ ነው፣ አይለወጥም» ተብሎ ከተጻፈ ኮምፓይለሩ በሚጠቀሙበት ክላሶች ውስጥ ሁሉ ቁጥሩን ራሱን ይገለብጠዋል፤ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ የለም። ዕድር ውስጥ ስትገምቱት እንዲህ ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤው የወር መዋጮውን ከፍ አደረገ፣ ጸሐፊው ባሕር መዝገቡ ላይ አስተካከለ፣ ገንዘብ ሰብሳቢው ግን የድሮውን ቁጥር ከዓመታት በፊት የራሱ ደብተር ላይ ገልብጦ ይዟል። ደብተሩን ያየ የለም፣ መዝገቡ ልክ ነውና። ሁለቱ ልማዶች ለየብቻቸው ምንም አይሉም። ሲገናኙ ግን ባልደረባዬ የለወጠችው ፋይል ብቻ ኮምፓይል ይሆናል፣ ግብር የሚያሰላው ክላስ በአሮጌው ደብተር ይሰበስባል። የክላሱን ሆድ ዕቃ በሚያሳየው በጃቫፕ ከፍቼ አየሁት፤ 600 ቁጭ ብላለች። የፋይሉ ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አንት ውስጥ «ዲፔንድ» የሚባል ጥገኛ ክላሶችን የሚያድስ ትእዛዝ አለ፤ የራሱ መመሪያ ግን ቋሚ ቁጥር ሲለወጥ እንደማይዘው በግልጽ ይናገራል። የተጻፈ ነገር ነው፣ የሚያነበው ነው የጠፋው።

መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፦ ክሊን። አሮጌ ክላሶችን ሁሉ አጥፍቶ ከዜሮ መገንባት። ስክሪፕቱ አናት ላይ ግን በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ እንዲህ ይላል፦ «ክሊን እንዳታደርጉ!!!» ሦስት ቃለ አጋኖ። ከእኔ በፊት የመጡት ሁሉ አክብረውት ኖረዋል፤ የታቦት ማደሪያ ይመስል ማንም አልተጠጋም። እኔ ደግሞ ምክንያቱ ያልተጻፈ ክልከላ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሶርስ የሌላቸውን ክላሶች የምትፈልግ አጭር ትእዛዝ ጽፌ ሰርቨሩ ላይ አስሮጥኩ። አንድ ተገኘ፣ ያው የደመወዝ ወረቀት አታሚው።

ሲስተሙን የጀመሩት ታላቅ ባልደረባችን አሁን ውጭ አገር ናቸው። በቴሌግራም ደወልኩላቸው።

«አንተ፣ ክሊን አደረግክ እንዴ?» ገና ሰላም ሳንባባል።

«ኧረ አላደረግኩም ጋሼ።»

በረጅሙ ተነፈሱ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የቢሮው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ መቃጠሉን፣ የአታሚው ኮድ ገና ሌላ ቦታ እንዳልተቀመጠ፣ የተረፈው ሰርቨሩ ላይ ያለው ክላስ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። እንደገና ለመጻፍ ጊዜ ጠይቀው «ከሠራ ምን ትነካካዋለህ» ተባሉ። ያኔ ነው ማስጠንቀቂያዋን የጻፏት። ይህችን «ከሠራ ምን ትነካካዋለህ» የምትል ዓረፍተ ነገር እኔም እዚያው ቢሮ ሰምቻታለሁ፤ በእኔ ግምት በዚህ ሙያ ውስጥ እንደሷ ገንዘብ ያስወጣ ነገር የለም።

ደመወዝ ሊከፈል ሁለት ቀን ቀርቷል። የሰርቨሩን ፎልደር እንዳለ ገልብጬ አስቀመጥኩ። ከዚያ ክሊን ሳላደርግ የሶርስ ፋይሎቹን ሁሉ ሰዓት «ተች» በሚባለው ትእዛዝ ወደ አሁን አመጣሁት፤ አንት ሁሉም ዛሬ የተነኩ መስሎት ሁሉንም ኮምፓይል ያደርጋል፣ ወላጅ አልባው ክላስ ግን አይነካም። «ኮምፓይሊንግ 312 ሶርስ ፋይልስ» ሲል ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ። የእትዬ ግብር ዜሮ ሆነ። ወላጅ አልባውን ክላስ ለብቻው ጠቅልዬ እንደ ላይብረሪ ከኮዱ ጋር አስቀመጥኩት፤ አሁን ላፕቶፕ ላይም ከባዶ ይገነባል፣ ክሊንም ይደረጋል። ማስጠንቀቂያዋን ሰረዝኳት።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ግን ያው የወር ፔሮል በአሮጌውና በአዲሱ ቢልድ ተሰልቶ ልዩነቱ ግብሩ ላይ ብቻ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ግብሩ እንደተጠበቀው ተለያየ። ከዚያ የሌሊት ጥበቃዎቹ ጋ ስደርስ የትርፍ ሰዓታቸውም ተለያየ።

አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ሲለወጥ የሌሊት ትርፍ ሰዓት ከአንድ ተኩል ወደ 1.75 እጥፍ ከፍ ብሏል። የቁጥሮቹ ፋይል ውስጥ 1.75 በ2012 ገብቷል፣ ማን እንዳስገባው ቀኑ ጭምር ተመዝግቧል፣ ልክ ነው። ትርፍ ሰዓት የሚያሰላው ክላስ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ኮምፓይል የተደረገው በ2010 ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ የሚያስነካ ምክንያት አልነበረም። እነዚያን ዓመታት በሙሉ ሰርቨሩ በአንድ ተኩል ሲከፍል፣ እያንዳንዱ ቢልድ አረንጓዴ ነበር። ከጥበቃዎቹ አንዱም መጥቶ አልጠየቀም። ለትርፍ ሰዓት ለውጥ ሬዲዮ ላይ ብዙ አልተጮኸም መሰለኝ።

ስም፣ የተከፈለ፣ መከፈል የነበረበት የሚል ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጅቼ ለፋይናንስ ኃላፊው ወሰድኩለት። ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየው።

«ይሄ የቢልድ ችግር ነው የደመወዝ ችግር?»

«ሁለቱም ነው» አልኩት።

«ቢልድ ከሆነ እናንተ ጋ ይቅር ብዬ ነበር» አለና ወረቀቱን መልሶ አየው፤ ሳይመልስልኝ መሳቢያው ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በሳምንቱ ለሕግ ክፍል ተመርቷል፣ የውዝፉ ክፍያ እየተሠራ ነው ተባልኩ። ዝርዝሩ ላይ 41 ሰው አለ። አሥራ ሦስቱ ሥራ ለቀዋል፤ የስልካቸውን ቁጥር ከድሮ ማኅደር እያወጣን በመደወል ላይ ነን፣ እስካሁን ያነሱት አምስት ናቸው።