መንገደኛ የሚጠብቅ ቤት

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ የምትኖሩ ከሆነ የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ ገና ሳልጀምረው ታውቁታላችሁ። በሰፈራችሁ ወንድ ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ሴት ልጅ ወደ ዐረብ አገር ያልወጣበትን ቤት ቁጠሩ ብትባሉ የአንድ እጅ ጣት ይበቃችኋል። ባሕር ከእኛ ሩቅ ነው። በሩቅ ምሥራቅ ታይፉን፣ በአሜሪካ በኩል ሀሪኬን፣ በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሳይክሎን የሚሉት ታላቅ አውሎ ነፋስ የእኛን ደጋ አይነካም። ነገር ግን ልጁን የላከ ቤት ከሁለት ሰማይ ሥር ይኖራል። አንዱ በጣሪያው ላይ ያለው ነው፤ ሌላው ልጁ ያለበት አገር ሰማይ ነው።

የምነግራችሁ ስለ አንድ ሳምንት ነው። የ1445 ዓመተ ሂጅራ ዒደል ፊጥር ሚያዝያ 2 ቀን 2016 (ኤፕሪል 10 ቀን 2024) ዋለ። ታናሽ እህቴ በሻርጃ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከ4 ዓመት በኋላ አሠሪዋ የ1 ወር ፈቃድ ሰጥታት ነበርና ከዱባይ የምትነሣበት ቲኬት ለረቡዕ ሚያዝያ 9 ተቆረጠ። የምትመጣው ለናፍቆት ብቻ አልነበረም። እናታችን አዲስ አበባ ውስጥ ኦፕራሲዮን እንድትሆን ለሰኞ ሚያዝያ 14 ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። እሷ ደግሞ "ልጄን በዓይኔ ሳላይ አልተኛላቸውም" ብላ ቁርጧን ተናግራለች። ቀጠሮ ካለፈ ሌላ ቀን ለማግኘት ስንት መመላለስ እንዳለ በሐኪም ቤት ደጅ የቆመ ሰው አይጠይቅም።

ሰኞ ማታ እህቴ በኢሞ ደወለች። "ነገ ከባድ ዝናብ ይመጣል ብለዋል፤ ልጆቹ ቤት ሆነው እንዲማሩ ታዟል" አለች። እናቴ ሳቀች። በዱባይ ዝናብ! በእኛ ዘንድ በሚያዝያ የሚወርድ ዝናብ በልግ ነው፤ በቆሎውን ያበቅላል፣ እንሰቱን ያለመልማል። ሲቀር ደግሞ ሰዉ ሜዳ ወጥቶ ዝናብ ለመለመን ሶላት የሚሰግድለት ራሕመት ነው። ለዝናብ የምንለምን ሰዎች ዝናብ ሲመጣ እንዴት እንፈራለን? እህቴ ግን አልሳቀችም። የምትሠራበት ቤት ሰዎች መኪናቸውን ወደ ከፍታ ቦታ ወስደው እያቆሙ ነበር።

ማክሰኞ የሆነውን ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። በዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 142 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። በዚያ ስፍራ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው በአማካይ ወደ 95 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ነገሩን በጀሪካን ላስረዳችሁ። 142 ሚሊ ሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 7 ጊዜ መድፋት ነው። በአል ዐይን አካባቢ ደግሞ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ተለካ፤ በአገሪቱ መዝገብ መያዝ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ይህን የሚያህል አልታየም። በጎረቤት አገር በዑማን ጎርፉ ሕፃናት ተማሪዎችን ጭምር ገደለ። በእኛ አገር ክረምት አንድ ወር ሙሉ 142 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ የሚደነቅ ሰው የለም፤ ተዳፋት አለ፣ ወንዝ አለ፣ የሚጠጣው አፈር አለ። በዚያ ግን መንገዱ ለፀሐይ እንጂ ለውኃ አልተሠራም። (ደመናውን ሰዎች መድኃኒት ረጭተው አመጡት የሚል ወሬ በየስልኩ ዞሮ ነበር። የአገሪቱ የሜትሮሎጂ ማዕከል በዚያ ዝናብ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳልሠራ ተናግሯል። ያን ያህል አገር ያዳረሰ ዝናብ በጥቂት ትንንሽ አውሮፕላኖች ይመጣል ብሎ ማመን ለእኔም ይከብደኛል።)

በዚያ ቀን ቤታችን ምን ይመስል እንደነበር ልግለጽላችሁ። ዘመድ ሁሉ መጣ። አንዱ በቴሌግራም የተላከለትን ቪዲዮ ያሳያል፤ አውሮፕላን እንደ ጀልባ በውኃ ላይ ሲሄድ። ሌላው እህቴ ዘንድ ይደውላል፤ እሱ ሲዘጋ ሦስተኛው ይደውላል። ዱራሜ ያለችው አክስቴ፣ አዲስ አበባ ያለው አጎቴ፣ ወራቤ የተዳሩት የአጎቴ ልጆች ሁሉም አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ "ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?" እህቴ መልሱን ከየት ታምጣው? በመጨረሻ ስልኳ ባትሪው አልቆ ጠፋ። ያኔ ደግሞ ስልኳ ስለ ጠፋ ለቅሶ ተጀመረ።

አንድ ሽማግሌ በመካከል ተነሥተው "ተወኩል የላችሁም እንዴ? ሙእሚን ደመና አይቶ አይጨነቅም" ብለው ተቆጡ። በቀና ልብ እንደ ተናገሩ አውቃለሁ። ነገር ግን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ሐዲስ አስቡት። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ነፋስና ደመና ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር፤ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ዝናቡ ሲወርድ ነው የሚረጋጉት። ስለዚሁ ሲጠየቁም፣ ደመናን አይተው ዝናብ መጣልን ብለው የተደሰቱትን፣ በውስጡ ግን ቅጣት የመጣባቸውን የዓድ ሕዝቦች አስታወሱ። ከእሳቸው የበለጠ በአላህ የተመካ ማን አለ? እንግዲህ ሰማዩን አይቶ ልብ መሸበሩ በራሱ የእምነት ጉድለት አይደለም። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው። የተሸበረው ልባችን በማን ጫንቃ ላይ ይጫናል? በእኛ ቤት የሠላሳ ሰው ጭንቀት በአንዲት ልጅ ጆሮ ላይ ወረደ፤ እሷ ደግሞ የራሷ ነበራት።

ረቡዕ ጠዋት እህቴ ተገኘች። ፀሐይ ወጥቷል፤ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቷል። ቤታችን እልል አለ። አጎቴ ከአዲስ አበባ ደውሎ "በይ ውጪ፣ ቲኬቱ እንዳይቃጠልብሽ!" አላት። ይህን በደንብ ላብራራው፤ የብዙ ቤት ክርክር እዚህ ላይ ነውና።

ዝናብ ሲያባራ አውሮፕላን ይነሣል ብለን እናስባለን። ከሆሳዕና አዲስ አበባ የሚሄደው ሚኒባስ እንደዚያ ነው፤ ጎርፉ ሲጎድል ይሻገራል። አውሮፕላን ግን ብቻውን አይሄድም። ማክሰኞ ዱባይ ሊያርፉ የነበሩ አውሮፕላኖች ወደ ሌላ አገር ዞረው አርፈዋል፤ ስለዚህ ረቡዕ መነሣት የነበረበት አውሮፕላን በቦታው የለም። አብራሪውና አስተናጋጆቹ በሕግ ከተወሰነላቸው ሰዓት በላይ መሥራት አይችሉም፤ ሰዓታቸው መንገድ ላይ አልቋል። ተተኪዎቹ ከቤታቸው እንዳይመጡ መንገዱ ባሕር ሆኗል። ምግብ የሚያቀርበው፣ ሻንጣ የሚጭነው፣ ነዳጅ የሚሞላው ሁሉ ያው ነው። ከየአገሩ መጥተው ወደ ሌላ አገር ሊያልፉ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ መንገደኞች ደግሞ ወለል ላይ ተኝተው ተራ ይጠብቃሉ። በ2 ቀን ውስጥ 1,244 በረራዎች ተሰርዘው 41 ወደ ሌላ ማረፊያ መዞራቸውን የዱባይ አውሮፕላን ማረፊያዎች ኃላፊ ተናግረዋል። ዝናቡ የ1 ቀን ነበር፤ ጣጣው የሳምንት ሆነ። ማረፊያው ራሱ እጅግ አስፈላጊ ካልሆነ በቀር ሰው ወደዚያ እንዳይመጣ አስታወቀ።

ታዲያ ልጅቷ ከሻርጃ ወጥታ ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ሻንጣ ተሸክማ ትሂድ? ግመሉን አሥሮ በአላህ መመካት የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። አጎቴ ማሠር ማለት መውጣት ነው አለ። እናቴ ግን ማሠር ማለት መቀመጥ ነው አለች። በዚያ ቀን እናቴ ትክክል ነበረች ብዬ አምናለሁ። "ልጄ፣ እኔ ለአንቺ ብዬ ነው የምጠብቅሽ፤ ውኃ ከሚወስድሽ ቀጠሮው ይለፍ" አለቻት። እህቴ አለቀሰች፤ ግን ተቀመጠች። አሠሪዋም ቲኬት ለቆረጠላት ሰው በስልክ እየደወለች ቲኬቱ ሳይቃጠል ለዐርብ እንዲዛወር አደረገች፤ አላህ ምንዳዋን ይክፈላት።

ማታ ጎረቤታችን መጥተው ከእናቴ ጋር ተቀመጡ። የከምባታ ሰው ናቸው፣ ክርስቲያን ናቸው፤ ቡና እኛ ቤት ሲፈላ ሳይመጡ አይቀሩም። በመጋቢት 2015 (ማርች 2023) ፍሬዲ የተባለው ሳይክሎን ማላዊን ሲመታ ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ በዚያ መንገድ ላይ ነበር። ያ ማዕበል 36 ቀን በመቆየቱ በዓለም ታሪክ ረጅም ዕድሜ ያለው ተብሎ ተመዝግቧል፤ በማላዊ ብቻ ከ600 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሴትየዋ ግን ስለ ማዕበሉ የሰሙት ካለፈ በኋላ ነው። "የእናንተ ልጅ ቁጥር ያለው አውሮፕላን አላት። ተሰርዟል ይባላል፣ ተዛውሯል ይባላል። የእኔ ልጅ የት እንዳለ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ 19 ቀን ስልክ ጠበቅሁ" አሉ። ልጁ በሕይወት ደርሷል። እሳቸው ከሄዱ በኋላ በቤታችን ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። እህቴ ዘንድ የሚደውለው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ተስማማን፤ እሱም በቀን 2 ጊዜ፣ ከዝሁርና ከዒሻእ በኋላ። ሌላው ወሬውን ከእሱ ይሰማል። እናቴም ሐሙስ በወራቤና በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሄደች። እህቴ ሆሳዕና ድረስ መምጣቷ ቀርቶ እዚያው እንድትቀበላት ነው። መሄድ አልፈለገችም ነበር። የተሰናዳው ቡላ፣ ለአተካና የተቀመጠው ቅቤና ወተት ሁሉ ሆሳዕና ነበርና "ልጄ ባዶ ቤት ትገባለች" ብላ ተከራከረች። ቅቤው በፌስታል ታስሮ አብሯት ተጫነ።

ዐርብ እህቴ ከቤት ስትወጣ ደወለች። እናቴ የወላጅ ዱዓ ለልጁ፣ የመንገደኛም ዱዓ እንደማይመለስ ከኡስታዞች ሰምታ ነበርና "እኔ ለአንቺ አደርጋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ለኦፕራሲዮኔ አድርጊልኝ" አለቻት። ከዱባይ አዲስ አበባ 4 ሰዓት ገደማ ነው። እህቴ ሻንጣ ለማስረከብ ብቻ ከዚያ በላይ ቆመች። ቦሌ ስትደርስ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፤ እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

ኦፕራሲዮኑ ሰኞ ተደረገ፤ አልሐምዱ ሊላህ፣ እናቴ ዛሬ በራሷ እግር ገበያ ትሄዳለች። ቅዳሜ ማታ ሁላችንም ተሰብስበን አተካናውን ስንበላ የእህቴ የመመለሻ ቲኬት ለግንቦት 9 እንደሆነ ተነሣ። ወዲያው ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ያኔ ለማን እንደሚደወል፣ የአየሩንም ወሬ ማን እንደሚከታተል ተነጋገርን። አጎቴ ተመረጠ፤ ቪዲዮ ላለመላክ ግን ቃል አስገባነው።