ስንፈተ ወሲብና ኩላሊት፦ ሳልጠይቅ የቆየሁት ጥያቄ

ዛሬ ብዙ ወንዶች ለሐኪም የማይናገሩትን ጉዳይ ላንሳ።

ጅግጅጋ ስሠራ ከቶጎ ውጫሌ የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም አለባቸው። በየቀጠሮው ግፊታቸው ከፍ ይላል፣ ክሬቲኒናቸውም ይጨምራል። «መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» እላለሁ። ሶማሊኛ የምታስተረጉምልኝ ሲስተር «አዎ ይላሉ» ትለኛለች።

አንድ ቀን እሷ ስላልነበረች ወንድ ነርስ አስተረጎመልን። አባት አንገታቸውን ደፍተው ብዙ አወሩ። «ዶክተር፣ መድኃኒቱን ካቆሙ አራት ወር ሆኗቸዋል። ከጀመሩት ወዲህ ከባለቤታቸው ጋር መሆን አልቻሉም። እሷም ሌላ ሴት አለህ እያለቻቸው ነው» አለኝ።

በሁለት ሴቶች ፊት ይህን እንዴት ይናገሩ? መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በእነዚያ ወራት የተጎዳው ኩላሊታቸው አልተመለሰም።

ስንፈተ ወሲብ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ያጋጥማል። ግፊትና ስኳር የኩላሊትን የደም ሥሮች እንደሚጎዱ ሁሉ ወደ ብልት ደም የሚወስዱትንም ያጠባሉ። ኩላሊት ሲደክም ደም ማነስ ይመጣል፣ የወንድ ሆርሞን ይቀንሳል፣ ጭንቀትም ይጨመርበታል። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ሊያባብሱት ይችላሉ፤ ግን በሌላ ይቀየራሉ። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸውም ብዙዎች ይሻላቸዋል።

ስለዚህ፦

✅ መድኃኒትዎን በራስዎ አያቁሙ፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

✅ ቪያግራና መሰሎቹን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ። ናይትሬት የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከዋጣቸው ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ መጠኑ ሊቀነስ ይገባል።

✅ ችግሩ ካለብዎ ግፊት፣ ስኳርና ኩላሊት ይመርመሩ፤ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል።

✅ ሴት ሐኪም ወይም ሴት አስተርጓሚ ካሳፈረዎት ወንድ እንዲሆንልዎ ይጠይቁ። ነውር የለውም።

እናቶች፣ እህቶች፦ ባልሽ ከራቀሽ ከመጠርጠርሽ በፊት ስለ ጤናው ጠይቂው።

የእኚያን አባት መድኃኒት ቀየርንላቸው። ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆነ አልልም፤ ግፊታቸው ግን ወረደ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከባለቤታቸው ጋር መጡ፤ እሷም ጥያቄ ነበራት። እኔም ከዚያ ወዲህ የኩላሊት ታካሚ የሆነን ወንድ ሁሉ በሩን ዘግቼ እጠይቃለሁ።

ለሚያውቁት የኩላሊት ወይም የግፊት ታካሚ ያጋሩት።