ከመበተናችን በፊት የቆጠሩን

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እኛ መንደር የደረሰው በልጉ በቀረበት ዓመት፣ ግንቦት 1976 ዓ.ም. ላይ ነው። መንደራችን ከሆጤ ወጣ ብሎ ጦሳን የሚያይ የገበሬ መንደር ነበር። ማታ ማታ የደሴ መብራት ይታየናል፤ እኛ ግን የምናመሸው በኩራዝ ነው። ቆጣሪዎቹ ቅጻቸውን ይዘው ሲመጡ፣ መንደሩ ከነሙሉ ሰዉ የሚታየው ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ያንን መንደር ላላየው ሰው ውሎውን ልንገረው። ቀኑ የሚጀመረው በወፍጮ ድምፅ ነው። ጎህ ሳይቀድ አያቴ ከድንጋይ ወፍጮው ኋላ ተንበርክካ መጁን ትገፋለች፤ የገብሱ ዱቄት ከክንዷ ተነስቶ ቅንድቧ ድረስ ያነጣታል። የአንድ ቤት የቀን ዱቄት ወገብ ይቆርጣል። እናቴ በዚያው ሰዓት እንስራዋን አዝላ ምንጭ ወርዳለች። አባቴ በሬዎቹን ፈትቶ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ሲወጣ እኔ ጥጃዎቹን እነዳለሁ። ያን ሰዓት የኩበቱ ጭስ ከጦሳ ከሚወርደው ጉም ጋር ተቀላቅሎ ጎጆዎቹን ሸፍኗቸው ይቆያል። ቁርስ ማለት ቆሎ ነው፤ የተረፈች ቂጣ ካለችም እሷ።

የደሴ ዙሪያ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። የካቲት ላይ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ገብሱ ይዘራና ሰኔ፣ ሐምሌ ላይ ይሰበሰባል። ስንዴው፣ ባቄላውና ጤፉ የመኸር ናቸው። የበልግ ገብስ ብዙ ሆኖ አይደለም የሚወደደው፤ ያለፈው መኸር ጎተራ በተሟጠጠበት፣ አዲሱም ገና በማሳ ላይ ባለበት በጨለማው ክረምት ስለሚደርስ ነው። በልግ ሲቀር መኸሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ ሰው እዚያ ድረስ የሚቆይበት እህል ያጣል። ይህን ከተማ ያደገ ሰው በቀላሉ አይረዳውም። እኛ ግን ልጆች ሆነን፣ ሰማዩን እያዩ ከሚነጋገሩት አዋቂዎች ፊት እናነበው ነበር።

ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ሴቶቹ ወተት፣ እንቁላል፣ ኩበትና የባህር ዛፍ እንጨት ይዘው ወደ ሰኞ ገበያ ይወርዳሉ። በዚያ ቁልቁለት በጀርባዋ ሙሉ ሸክም እንጨት፣ በፊቷ ደግሞ የሚጠባ ልጅ ይዛ የምትወርድ ሴት ማየት ለእኛ የዘወትር ነገር ነበር። ደሴ ቡናዋን ታፈላ የነበረው በእነዚያ ሴቶች ጀርባ ነው ብል አላጋነንኩም። ሲመለሱ ጨው፣ ላምባና ትንሽ ቡና ይዘው ይመጣሉ።

አጨዳ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። ባለቤቱ ለክርስቲያኑ ጠላ፣ ለሙስሊሙ ቀሪቦ ያዘጋጃል፤ ሁለቱም ማሳው ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ማታ ቡና ሲፈላ የሚመርቀው በዕድሜ የበለጠው ነው፤ ሼህ ይሁን ቄስ የሚጠይቅ የለም፤ አንዱ አሚን፣ ሌላው አሜን ይላል። የአባቴ እህት ክርስቲያን አግብታ ስለነበር እኛ ቤት አረፋም ፋሲካም የራሳችን በዓል ነበር።

የመንደሩን ሰው በትክክል የሚያውቀው ቅሬው ነው። ቅሬ የቀብርና የሐዘን መረዳጃችን ነው፤ ሰው ሲሞት ጠሪው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጣራል፣ ከየቤቱ ሰውና እህል ይመጣል። ማን እንደወለደች፣ ማን ታሞ እንደተኛ፣ የማን ልጅ ለሥራ ወደ ቆላ እንደወረደ የቅሬው ዳኛ ሳይጽፍ ያውቀዋል።

እንግዲህ የመንግሥት ቆጣሪ የመጣው ወደዚህ መንደር ነው። አያቴን ዕድሜዋን ሲጠይቃት፣ «ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተማረኩ ጊዜ እናቴ እኔን ታቅፋ ነበር አሉ፤ አንተው አስላው ልጄ» አለችው። ሰገሌ 1909 ዓ.ም. ነውና 67 ብሎ ጻፈላት። እናቴ ደግሞ ልጅ መቁጠር አትወድም ነበር። «አላህ የሰጠኝን እኔ አልቆጥርም፤ አንተ እያየህ ጻፍ» ብላ በየተራ አስቆመችን። ስለሞቱት ሲጠይቃት ግን ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራች። ሁለቱ በ1966ቱ ረሃብ የሄዱ ናቸው። ቅጹ የሚፈልገው ቁጥራቸውን ብቻ ነበር፤ ቆጣሪው ግን እስክትጨርስ ብዕሩን አንስቶ አዳመጣት። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ቆጠራው በአገር ደረጃ ሲደመር 42 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አለ ተባለ። ያ ድምር ይፋ ሳይሆን መንደራችን ተበትኗል። በበልጉ ላይ ክረምቱ ከዳ፤ ጎተራ ተጠረገ፤ በሬ በማይረባ ዋጋ ተሸጠ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን የቀረጸው የኮረም የረሃብ ፊልም በቢቢሲ ታይቶ ዓለም ሲደነግጥ፣ ከእኛ መንደር እርዳታ ፍለጋ ባቲ የወረዱ ነበሩ፤ ደሴ በረንዳ ላይ የሚያድሩም ነበሩ። ቀጥሎ ሰፈራ መጣ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጓጓዝ፣ ጥጃ አብሮኝ ይጠብቅ የነበረው ጓደኛዬም ከነቤተሰቡ ወደ መተከል ሄደ። ወባ ምን እንደሆነ የማያውቁ የደጋ ሰዎች ናቸው ወደዚያ ቆላ የተላኩት። ያን ጊዜ የሞተው ሰው ቁጥር ዛሬም ያከራክራል፤ እኔ የማውቀው ቅሬው የሚጠራው ቤት አጥቶ ወራት እንደቆየ ነው።

ቆጠራ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ተካሂዷል። በ1987 የአገሩ ሕዝብ 53 ሚሊዮን፣ በ1999 ደግሞ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሞ ቀረ። በ1999ኙ ቆጠራ በደሴ ሥር የተመዘገበው 151,174 ሰው ሲሆን ከተሜው 120,095 ነው። ቀሪው 31,079 በዙሪያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ነው። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ እነዚያ ሠላሳ አንድ ሺህ የእኛው ናቸው፣ በከተማ ስም ውስጥ ሆነው የሚያርሱ፣ በልግ የሚጠብቁ ሰዎች።

ዛሬ አባቴ ገብስ ይዘራበት የነበረው ማሳ ላይ ቆርቆሮ ቤቶች ተደርድረዋል። ባጃጅ በር ድረስ ይገባል። ልጆቹ ሆጤ ወርደው ሁለተኛ ደረጃ ይማራሉ፣ ስታዲየሙ ኳስ ሲኖር ጩኸቱ ይሰማቸዋል። ወፍጮው የኤሌክትሪክ ሆኗል፤ የሴቶቹ ወገብ ከመጁ በመገላገሉ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ያንን የሚናፍቅ ሰው ካለ ፈጭቶ አያውቅም። የሚቆጨኝ ሰዉ ነው። መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል አንድ ጥማድ እንኳ የማይሞላ ሆነ፤ ከ2009 ወዲህ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የወረዱ ልጃገረዶች አሉ፤ ከእነሱ የሚበዙት ሳዑዲ ናቸው።

ቅሬው ግን አለ። አሁን በመዝገብ ነው የሚሠራው። ጅዳ ያለችው ልጅ የእናቷን መዋጮ በባንክ ትልካለች፤ ለቀብር መድረስ ባትችልም ስሟ አይሰረዝም። አምና የዚያ መተከል የሄደው ጓደኛዬ ልጅ፣ የመተከሉ ግጭት አፈናቅሎት መጥቶ፣ በአያቱ ስም ልመዝገብ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩ። በ1977 የተቋረጠውን መዋጮ ማንም አላነሳበትም፤ የመግቢያውን ከፍሎ ተመዘገበ፤ በሚቀጥለው ቀብር ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ጋር ተመደበ።