የሴና ሞካሲን እና የግሮዣን ግራ እግር

የመኪና ውድድር የሚወድ ሰው ይህችን ቪዲዮ ሳያያት አይቀርም። ብራዚላዊው አይርተን ሴና በጃፓኑ የሱዙካ ትራክ ሆንዳ ኤንኤስኤክስ ይነዳል። ካሜራው እግሩ ላይ ነው። ያደረገው ነጭ ካልሲና ሰው ቢሮ የሚሄድበት ዓይነት ሞካሲን ነው። በዚያ ጫማ ቀኝ እግሩ ፍሬን እንደረገጠ በጠርዙ ቤንዚን ይነካካል፤ ግራው ፍሪሲዮን ይይዛል፤ ማርሹ ይወርዳል። እግሩ የሚጨፍር ይመስላል።

ይህን ያየ ብዙ ሰው «ችሎታው ካለ ጫማ ምን ያደርጋል?» ይላል።

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ችግሩ ሌላው ግማሽ ነው።

ከእውነቱ እንጀምር። ሞካሲን ለፔዳል ክፉ ጫማ አይደለም። ሶሉ ስስ፣ ጎኑ ጠባብ ነው። ለተወዳዳሪ ደግሞ እግር ማለት ጆሮ ነው። ጎማው ሊቆለፍ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው በፍሬኑ ፔዳል በኩል ነው። ፎርሙላ 1 ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤቢኤስ ስለከለከለ፣ ነጂው ያንን ምልክት በእግሩ ካልሰማ የሚሰማለት ኮምፒውተር የለም። ፍሬኑን ሲረግጥ ከ100 ኪሎ በላይ ጉልበት ያሳርፍበታል፤ ከዚያ ደግሞ በስሱ እየለቀቀ ወደ ኩርባው ይገባል።

አሁን የሩጫ ስኒከር አድርጎ ይህን የሚሞክር ሰው አስቡ። ወፍራሙ ስፖንጅ ለአስፋልት የተሠራ ነው፤ ሥራው ንዝረትን መዋጥ ነው። ነጂው የሚፈልገውን መልእክት አብሮ ይውጠዋል። ሰፊው ጠርዙም ፍሬን ሲረገጥ ቤንዚኑን አብሮ ሊይዝ ይችላል። ከስክስ ጫማ ከሆነማ ጭራሽ እግሩ የት እንዳለም አይታወቅም። ለውድድር የሚሠራው ጫማ ሶሉ ስስ፣ ቅርጹ ጠባብ፣ ተረከዙ ከኋላ ክብ ተደርጎ ወደ ላይ የወጣ የሆነው ለዚህ ነው። ተረከዙ ወለሉ ላይ አርፎ እግሩ እንዲዞር ነው።

እስከዚህ ድረስ ሞካሲኑ ብዙም አላሳፈረም። ሌላኛው ግማሽ እሳት ነው።

ኅዳር 20 ቀን 2013 ዓ.ም. በባህሬን፣ ገና በመጀመሪያው ዙር፣ የሮማን ግሮዣን መኪና የብረት አጥሩን ሰንጥቆ ገባ። መኪናው ለሁለት ተከፈለ፤ ወዲያው ተቀጣጠለ። ግሮዣን ራሱን አልሳተም፤ ሊወጣ ሞከረ፤ ግራ እግሩ ግን ፔዳሉ አካባቢ ተይዟል። ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። እግሩ ወጣ፣ ጫማው እዚያው ቀረ። ከእሳቱ ውስጥ ሲወጣ ወደ 28 ሰከንድ ሆኖት ነበር። እጆቹ ተቃጥለዋል፤ ሕይወቱ ግን ተርፏል።

አንድ ጫማ ጥሎ የወጣ ሰው የጫማን ጥቅም እንዴት ያስረዳል? መልሱ ጫማው ብቻውን አለመሆኑ ነው። ደንቡ ካልሲውም፣ የውስጥ ልብሱም፣ ቱታውም፣ ጓንቱም እሳት እንዲቋቋም ያስገድዳል። አንዱ ሲወልቅ ሌላው ይቀራል። ኖሜክስ የሚባለው ጨርቅ እሳት ሲነካው ቀልጦ አይንጠባጠብም፤ ከስሎ ይወፍራል፤ ነበልባሉ ሲርቅ ይጠፋል። ተራው ስኒከር ላይ ያለው ፕላስቲክና ስፖንጅ ግን ይቀልጣል፤ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እንዲህ ያለ ልብስና ጫማ ለሰው የሚገዛለት ሰከንድ ነው። ግሮዣን የኖረው በሰከንድ ነው።

ስለዚህ ለውድድር ጫማ የሚገዛ ሰው ቀለሙንና ስሙን ከማየቱ በፊት ምላሱን ገልብጦ መለያውን ይፈልግ። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደረጃ ኤፍአይኤ 8856-2018 ይባላል። ቀጥሎ ልኩን ያረጋግጥ፤ ውስጡ የሚንሸራተት እግር ፔዳልም ላይ ይንሸራተታል። ገዝቶም መንገድ ለመንገድ አይዙርበት፤ ስሱ ሶል ቶሎ ያልቃል፣ ዘይትና ውሃም ይዞ ይገባል።

ሰው ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ለሚታየው ነው። ለቸርኬው፣ ለቀለሙ፣ ለሄልሜቱ ሥዕል። ጫማው በመጨረሻ በተረፈው ብር ይገዛል፤ ወይ የቤቱ ስኒከር ይበቃል ይባላል።

ይሄ ጠባይ በእኛም መንገድ አለ። በነጠላ ጫማ የሚነዳው ስንቱ ነው? ታኮ ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን የምትነዳ እህትም አትጠፋም፤ ማውለቋ ባልከፋ፣ ያወለቀችው ጫማ ግን ተንሸራቶ ፍሬኑ ሥር የገባ ቀን ፍሬኑ አይወርድም። ስስ ሶል ያለው፣ ከኋላ የሚይዝ ጫማ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ፣ የወለቀውንም ከኋላ ወንበር ማድረግ ምንም አያስወጣም።

ሴና በዚያ ቪዲዮ ላይ ውድድር ላይ አልነበረም። ውድድር ሲሆን እሱም እንደ ሌላው ተወዳዳሪ የውድድር ጫማውን ያደርግ ነበር። ችሎታ ለደህናው ቀን ይበቃል። ጫማ የሚመረጠው ግን ለክፉው ቀን ነው።